የሐር መንገድ፦ ከሺአን እስከ ይፋግ

ሺአን የገባሁት በመስከረም ነው። በእኛ አገር ጉና ጭጋጉን ገና ያላወለቀበት፣ የደብረ ታቦር ሰው ጠዋት ጠዋት ጋቢውን ደርቦ የሚወጣበት ጊዜ። እዚህ ግን ሙቀቱ አልበረደም፤ አየሩ የከሙን፣ የተጠበሰ የበግ ሥጋና የትኩስ ዳቦ ሽታ አዝሎ ከባቡር ጣቢያው በር ላይ ይቀበላል። ከቤጂንግ የተሳፈርኩበት ፈጣን ባቡር አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም የሚሆነውን መንገድ በአምስት ሰዓት ገደማ ጨረሰው። ቲኬቱ አምስት መቶ ዩዋን አካባቢ ነበር። በመስኮት የበቆሎ ማሳ፣ ፋብሪካ፣ ድልድይ፣ እንደገና የበቆሎ ማሳ ያልፋል፤ እኔ ግን ከባሕር ዳር ወረታ፣ ከወረታ ደብረ ታቦር የምታደርሰኝን ሚኒባስ እያሰብኩ ነበር፤ መቶ ኪሎ ሜትር ለምትሆን መንገድ አለም በር ላይ ሰው ስታወርድና ስታሳፍር፣ ዳገቱን ስትወጣ ስታቃስት። ቀናሁ። መቅናቴን አልደብቅም።

የመጣሁት የሐር መንገድ የሚነሳበትን ቦታ በዓይኔ ለማየት ነው። ምኞቱ ያደረብኝ ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከአያቴ ነው። አያቴ በልጅነታቸው ከሲራራ ነጋዴ ጋር አጋሰስ ነድተዋል። ማታ እሳት ዳር ሲያወጉን ከጋይንት ተነስተው አሞሌ ጨው ጭነው የወረዱበትን፣ ወንዝ ሞልቶ ያደሩበትን፣ ኬላ ላይ የተከራከሩበትን ሁሉ ይነግሩናል። የሚያወሩት መንገድ ከእሳቸው እጅግ የቀደመ ነው። ከምጽዋ ተነስቶ በአድዋ አድርጎ ጎንደር ይገባል፤ ከጎንደር በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ወደ ይፋግና ደሪጣ ይወርዳል፤ ከዚያ ጎጃምን አቋርጦ ባሶ ገበያ ይደርሳል፣ ዓባይንም ተሻግሮ እናርያ ድረስ ይዘልቃል። ከደቡብ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ሰም ይመጣበታል፤ ባሮችም ይነዱበት ነበር፣ ይህን ሳይናገሩ ስለዚያ መንገድ ማውራት አይገባም። ከባሕሩ ወገን ደግሞ ቀይ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ ኩል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እንዲሁም ሐር ይገባበታል። አያቴ ሐር ሲሉ ድምፃቸው ይለወጣል። ሐር የጫነ ነጋዴ ሌሊት አይተኛም ይሉ ነበር።

አንድ የእስቴ ልጅ እዚህ ሺአን ይማራል፤ እሱ ነው ከጣቢያው የተቀበለኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ግመሎቹን ነው የማሳይህ፣ ምሳው ይደርሳል» አለኝ። ወደ ከተማዋ ምዕራብ ወሰደኝ። በታንግ ዘመን ካይዩዋን የሚባለው በር በነበረበት ሰፈር፣ መኪና በሚርመሰመስበት አውራ ጎዳና አጠገብ፣ ከድንጋይ የተጠረበ አንድ ሙሉ ቅፍለት ቆሟል። ግመሎች ጭነታቸውን እንደያዙ፣ ጺማቸው የረዘመ የፋርስና የመካከለኛው እስያ ነጋዴዎች ከቻይናውያኑ ጋር ጎን ለጎን፣ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው። እ.ኤ.አ. በ1987 የቆመ ነው። የፊተኛው ግመል ጉልበት በልጆች እጅ ብዛት ለስልሷል፤ አንዲት እናት ልጇን ጀርባው ላይ አውጥታ ፎቶ ታነሳለች። ቆሜ አየሁ። ንጉሥ አይደለም፣ ጄኔራል አይደለም። ነጋዴ ነው! ለነጋዴና ለጭነት ከብት ይህን የሚያህል ሐውልት የሚያቆም አገር አይቼ አላውቅም።

የዚህ መንገድ ፈር ቀዳጅ ዣንግ ቺያን የሚባል ሰው ነው። የሃን ንጉሠ ነገሥት ዉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ138 ዓመት ወደ ምዕራብ ላከው። ተልእኮው ንግድ አልነበረም፤ ሰሜኑን የሚያስጨንቁትን የሾንግኑ ፈረሰኞች አብሮ የሚወጋ ወዳጅ መፈለግ ነበር። ከመቶ በላይ ሰው አስከትሎ ወጣ፤ ብዙም ሳይርቅ ተማረከ፤ አሥር ዓመት ያህል በምርኮ ኖሮ፣ እዚያው ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ኋላ አመለጠና ጉዞውን ቀጠለ። ሊያገኘው የሄደው ወዳጅ ጦርነት አልፈልግም አለው። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ሲመለስ አብረውት ከወጡት ሁሉ የተረፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ። ይዞት የመጣው ግን ወሬ ነበር፦ በስተምዕራብ ከተማ እንዳለ፣ ሸቀጥ እንዳለ፣ ፈረስ እንዳለ። መንገዱን የከፈተው ያ ወሬ ነው።

የእስቴው ልጅ ይህን ሲተረጉምልኝ እኔ ኾጃ ሙራድን አሰብኩ። አርመናዊ ነጋዴ ነው፤ ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ እስከ አድያም ሰገድ ኢያሱ ድረስ የጎንደር ነገሥታት መልእክተኛ ሆኖ ህንድ አገር የሞጎሉን ንጉሥ አውራንግዜብን እጅ ነስቷል፤ ደቾች ይገዟት ወደነበረችው ባታቪያም፣ ማለት ወደ ዛሬዋ ጃካርታ፣ ደጋግሞ ተጉዟል። ያን ሁሉ ባሕር በሸራ መርከብ፣ ያን ሁሉ ተራራ በበቅሎ። ከደብረ ታቦር ተማሪ ቤቶች ስሙን የሚያውቅ ልጅ ስንት ይገኛል? ዣንግ ቺያንን ግን እዚህ የጀበና ማስቀመጫ የሚያህል መደብር ያላት አሮጊት ሳትቀር ታውቀዋለች።

ከሰዓት በኋላ የከተማዋ ቅጥር ላይ ወጣን። ሃምሳ አራት ዩዋን ከፈልን። የሚንግ ነገሥታት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ነው፤ አሥራ ሁለት ሜትር ከፍታ አለው፣ ዙሪያው ወደ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ አናቱ ላይ ሰዎች ብስክሌት ተከራይተው ይጋልቡበታል። በአንድ ወገን አሮጌው ከተማ፣ በሌላው ወገን ሰማይ የሚነካ ፎቅ። የፋሲል ግንብን አጥር ሳይ ያደግሁ ሰው ነኝና ቅጥር አያስደንቀኝም ብዬ ነበር። አስደነቀኝ።

ወደ ሙስሊሞቹ ሰፈር የገባነው ሲመሽ ነው። ሁዊ ይባላሉ፤ ብዙዎቹ በዚያ መንገድ ከፋርስና ከዐረብ ምድር የመጡ ነጋዴዎችን ከዘር ሐረጋቸው ይቆጥራሉ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ አንዱ ሮማን በብረት መጭመቂያ እየጨመቀ በአሥር ዩዋን ይሸጣል፣ ሌላው የበግ ሥጋ በእንጨት ሰክቶ ከሙንና ሚጥሚጣ የሚመስል በርበሬ እየነሰነሰበት ይጠብሳል፣ ሦስተኛው ለውዝና ማር በትልቅ መዶሻ እየወቀጠ ጣፋጭ ይሠራል፣ መዶሻው ሲያርፍ ምድሩ ይንቀጠቀጣል። በጠፍጣፋ ዳቦ ውስጥ የተሞላ የተከተፈ ሥጋ በአሥራ አምስት ዩዋን ገዝቼ ቆሜ በላሁ። ከዚያ ግርግር በአንዲት በር ስንገባ ፀጥታ ሆነ። ታላቁ መስጊድ። እ.ኤ.አ. በ742 እንደተመሠረተ ይነገርለታል፤ አሁን የሚታየው አብዛኛው ግን የሚንግ ዘመን ሥራ ነው። ጉልላት የለውም። ጣሪያው ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ የቻይና ጣሪያ፣ የአዛኑ ማማ ባለ ስምንት ማዕዘን የእንጨት ቤት፣ ግድግዳው ላይ ቁርኣን በዐረብኛም በቻይንኛም ተቀርጿል። ጥድ ጥላ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያወጋሉ።

ደሪጣን አስታወሰኝ። በክርስቲያኑ በጌምድር መካከል የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር፤ መኳንንቱ ንግድን ሲንቁ፣ ገበሬው ከማሳው ሲውል፣ የሩቁን ንግድ ተሸክመው ያኖሩት እነሱ ናቸው። አጠገቧ ይፋግ፣ ገበያውም ኬላውም የነበረባት። በጋ ሲገባ፣ ወንዞቹ ሲጎድሉ፣ ነጋዴው ይሰባሰባል፤ ብቻውን የሚወጣ የለም፤ አለቃ ይመርጣሉ፣ በቅሎና አህያ ይጫናል፣ መሣሪያ ያለው ከኋላ ይከተላል። በየኬላው ነጋድራሱ ወይም የእሱ ሰው ተቀምጦ ቀረጡን በአሞሌም በማርያ ቴሬዛ ብርም ይቀበላል። በመስጊዱ ጥድ ሥር ከተቀመጡት አንዱ ሽማግሌ ስለ አያቶቹ ግመል ሲያወራና አያቴ ስለ አጋሰሶቻቸው ሲያወሩ ልዩነቱ የእንስሳው ብቻ ነው፤ ፍርሃቱም፣ ክርክሩም፣ ውሃ ሲገኝ የሚሰማው ደስታም አንድ ነው።

በማግሥቱ የድንጋይ ጽሑፎች ወደሚጠበቁበት ሙዚየም ሄድኩ። ደን ይሉታል፣ ድንጋዩ ከመብዛቱ የተነሳ። ከሁሉም አንዱ ዘንድ ስደርስ እግሬ ተሳሰረ። ቁመቱ ሦስት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጥቁር ድንጋይ፤ አናቱ ላይ በጥንቃቄ የተቀረጸ ትንሽ መስቀል፤ ሥሩ የሎተስ አበባ፣ ዙሪያው ደመና። እ.ኤ.አ. በ781 የቆመ ነው። አሎፔን የተባለ መነኩሴ በ635 ከምዕራብ መጥቶ ወንጌልን ለታንግ ንጉሥ እንዳቀረበ፣ ንጉሡም እንደተቀበለው ይናገራል። ጽሑፉ ቻይንኛ ነው፤ ከግርጌና ከጎን ግን የካህናቱ ስም በሶርያ ፊደል ተጽፏል። ተስዓቱ ቅዱሳን ወደ አክሱም መጡ እየተባለ ሲነገር በሰማሁበት ጆሮዬ፣ የሶርያ መነኮሳት ወዲህም ወዲያም በነጋዴው ዱካ ሲሄዱ ታየኝ። አማተብኩ። ጠባቂዋ ልጅ ፈገግ አለችልኝ።

አንገቴ ላይ ማተብ አለ። እናቴ ክርስትና ስነሳ የታሰረልኝን እያደሰች ያሰረችው ነው። የእኔው ጥጥ ነው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን በምጽዋ በኩል ከሚገባው ሸቀጥ ውስጥ ሰማያዊ የሐር ክር አንዱ ነበር፣ ለማተብ። አስቡት፤ የፋርጣና የጋይንት ገበሬ የእምነቱን ምልክት የሚያስርበት ክር ከሌላ ክፍለ ዓለም መጥቶ፣ በመርከብ፣ በግመል፣ በበቅሎ ተላልፎ፣ ይፋግ ገበያ ላይ በአሞሌ ተለውጦ አንገቱ ላይ ያርፋል። በየአድባራቱ ያሉትን የብራና መጻሕፍት ገልጦ ያየም ያውቃል፤ ከቆዳው ሽፋን በስተውስጥ ብዙ ጊዜ ከሩቅ አገር የመጣ የሐር ወይም ያጌጠ ጨርቅ ቁራጭ ተለጥፎ ይገኛል። በተማሪነቴ አንድ ዳዊት ላይ ያየሁት አበባማ ቁራጭ ቀለሙ ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም።

ሐር ሲሠራ ያየሁት በአንድ ሱቅ ጓሮ ነው። ትሉ የፈተለው ነጭ ቤት የኦቾሎኒ ቅርፊት ያህላል። ሴትዮዋ ብዙውን በአንድ ላይ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትጨምረዋለች፤ ሽታው ደስ አይልም፣ የተቀቀለ ሥጋ ሽታ አለው። ከዚያ በትንሽ መጥረጊያ ታማስለዋለች፤ መጥረጊያው ሲወጣ ለዓይን የማይታዩ ክሮች አብረው ይወጣሉ። የስምንቱን ጫፍ በጣቷ አጣምራ መዘውሩ ላይ ትጥለውና መዘውሩ መሽከርከር ይጀምራል፤ ነጩ ቤት ውሃው ላይ እየተገላበጠ እየሳሳ እየሳሳ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ውስጡ ያለው ትል ይታያል። ከአንዱ የሚወጣው ክር ሳይበጠስ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ሊጠጋ ይችላል። እንዳልተሳሳትኩ ልጁን ደግሜ አስጠየቅሁት። አዎ፣ ሳይበጠስ። እናቴ በእንዝርት ጥጥ ስትፈትል ክሩ በተበጠሰ ቁጥር በምራቋ እያራሰች ስትቀጥል ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የዚያን ትል ሥራ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቻይናውያን ይህን ምስጢር ለዘመናት ከዓለም ሸሽገው መኖራቸው አይገርምም። በሻአንሺ ታሪክ ሙዚየም ከነሐስ ተሠርቶ ወርቅ የተቀባ የሐር ትል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የተገኘ፣ የሃን ዘመን ሥራ፣ ርዝመቱ ስድስት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ክር ሊተፋ የተዘጋጀ። ለትል ወርቅ!

የሐሩን ንግድ ከፋርሶች እጅ ለማስለቀቅ ከሞከሩት አንዱ ደግሞ የእኛው ሰው ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሐር ወደ ሮም የሚሄደው በፋርስ በኩል ነው፤ ፋርስና ሮም ደግሞ ጠላቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ531 አካባቢ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ወደ አክሱም፣ ወደ ዐፄ ካሌብ፣ መልእክተኛ ላከ፦ ሐሩን እናንተ ከህንድ ገዝታችሁ ለእኛ ሽጡልን፣ ትርፉ ለእናንተ፣ እኛም ገንዘባችንን ለጠላት ከመገበር እንድናለን። ታሪኩን የጻፈው የዘመኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ነው። ካሌብም እሺ አለ። ግን አልተሳካም፤ የፋርስ ነጋዴዎች ለህንድ ወደቦች ቅርብ በመሆናቸው መርከቡ እንደደረሰ ጭነቱን ሁሉ ቀድመው ይገዙት ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ መነኮሳት የትሉን እንቁላል ደብቀው ቁስጥንጥንያ አገቡትና ሮም የራሷን ሐር ማምረት ጀመረች። ሺአን ላይ ቆሜ ይህን ሳስብ የአክሱም ወደብ አዱሊስ የተሰማኝ እንደ ሩቅ ፍርስራሽ ሳይሆን እንደዚህች ከተማ እኩያ ነው።

ያ ሐር እኛ ጋ መጥቶ ምን እንደሆነ ለማየት ግን ደብረ ታቦር አይበቃም፤ ለንደን ወይም ቶሮንቶ መሄድ ያስፈልጋል። በጎንደር ዘመን፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ሙሉ በሙሉ ከሐር የተሠሩ የቤተ መቅደስ መጋረጃዎች ነበሩ። አንዱ በብሪቲሽ ሙዚየም፣ አንዱ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። ቁመታቸው ከአምስት ሜትር ይበልጣል፤ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ቀዳዳማ ገበታዎችን አንድ በአንድ በማዞር የተሸመኑ ናቸው፤ በዚህ ዓይነት ሽመና ከተሠሩት ሁሉ በትልቅነታቸው አቻ እንዳልተገኘላቸው፣ ሐሩም የቻይና እንደሆነ ያጠኗቸው ይናገራሉ። ነገሥታትና ካህናት በክር ተሥለውባቸዋል። የፈተለው ትል የቻይና፣ የሸመነው እጅ የእኛ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሀብት አስጭነው ወሰዱ፤ በ1860 መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን መድፍ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ አቀኑ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ የተዘረፈውን ለማጓጓዝ አሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ የሚጠጋ በቅሎ አስፈለጋቸው። መጋረጃዎቹ ከመቅደላ ከሄዱት መካከል ናቸው። ከዓለም ሩቅ ጫፍ በነጋዴ ትከሻ የመጣው ሐር በወታደር ትከሻ ወጣ። ይህን ስጽፍ ያመኛል።

ጋፋትን ሁሉ ያውቀዋል። ሴባስቶፖል አዲስ አበባ አደባባይ ላይ ምስሉ ቆሟል፤ ይገባዋል። ይፋግ ላይ ግን፣ አዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ በመኪና ሲታለፍ፣ እዚህ ገበያ ነበረ፣ እዚህ ኬላ ነበረ የሚል አንዲት ድንጋይ አላየሁም። መድፍ የጎተቱትን እናስታውሳለን፤ ጨውና ሐር የጫኑትን ረስተናል። ቢያንስ አንዲት የድንጋይ በቅሎ፣ አሞሌ የጫነች፣ ፊቷን ወደ ጣና ያዞረች ብትቆም፣ የወረታና የሊቦ ልጆች ጀርባዋ ላይ ቢወጡ ምኞቴ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ከሺአን ጀምሮ እስከ ካዛኪስታንና ኪርጊስታን ያለውን አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር መንገድ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቧል። ሦስት አገሮች ተስማምተው ነው ያስመዘገቡት። የእኛው ከምጽዋ እስከ እናርያ የሚሄደው መንገድ ማንን ይጠብቃል?

የእስቴው ልጅ በመጨረሻው ማታ የሺአን ጓደኞቹን አስተዋወቀኝ። ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ፣ ከወረታ ወልዲያ የሚወስደው ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም የሚሆን መንገድ ዳር ያለች ከተማ አልኳቸው፤ ያን መንገድ የሠሩት ቻይናውያን ናቸው፣ እስከ ዛሬ ሰው የቻይና መንገድ ይለዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቤጂንግ ሄደው ማኦን አግኝተው ነበር፤ መንገዱ ከዚያ በኋላ በተገኘ የቻይና ብድር በደርግ ዘመን ተሠራ። አባቴ ቻይናውያኑ ጨጨሆ ላይ ድንጋይ ሲፈልጡ አይቷል፤ ከእኛው ሠራተኞች ጋር እኩል አካፋ ይዘው ይቆፍሩ ነበር ይላል። ይህን ስናገር አንዱ ልጅ ስለ መንገዱ ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረኝና በስልኩ ካርታ ላይ ደብረ ታቦርን ፈለጋት። ከነጉናዋ አገኛት።

የመመለሻ በረራዬ ከጓንግዡ ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያው ሰልፍ ላይ ግማሹ ሰው አማርኛ ይናገራል፤ ሻንጣ ይመዘናል፣ ይከፈታል፣ ጫማ ወጥቶ ጃኬት ውስጥ ይጠቀለላል፣ እንደገና ይመዘናል። ከፊቴ ያለችው ሴት የወረታ ልጅ ሆና ተገኘች። ጥለት የሚሠራበት አብረቅራቂ ክር በብዛት ገዝታለች፤ ከሐር ጋር ስታስተያየው ርካሽ ነው፣ ግን ነጠላ ላይ ሲወጣ ያምራል አለችኝ። አንዱን ፈትታ አሳየችኝ፣ ሰማያዊ ነው፣ ማተቤን ዳሰስኩ። ከአዲስ አበባ አየር ማረፊያ መርካቶ፣ ከመርካቶ በአይሱዙ ወረታ፣ ከወረታ በቻይና መንገድ ደብረ ታቦርና ነፋስ መውጫ ትልከዋለች።

«አያቴ ከሲራራ ነጋዴ ጋር ይሄዱ ነበር፣ በየቦታው ኬላ ነበረባቸው» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ ኬላማ መቼ ቀረና!» አለችና ካልኩሌተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ከአየር ማረፊያው ቀረጥ ጀምራ እስከ ወረታ ያለውን አንድ በአንድ ትደምርልኝ ጀመር።